«ድንቹስ እንዴት ሆነ?»

እናቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ሳይነሣ የማያልፍ አንድ ጉዳይ ቢኖር የልጆች ስልክ ነው። «ልጄ ዓይኗን ከስልኳ ላይ አታነሣም»፣ «ሌሊት ብነሣ በብርድ ልብሱ ውስጥ መብራት አያለሁ» የማትል እናት ዛሬ ማግኘት ያስቸግራል። እኛም ብንሆን ስለ ስልክ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ምሬት ነው። ዛሬ የምናቀርበው ጉዳይም መነሻው ይኸው ምሬት ነበር፤ የሄደበት መንገድ ግን ሌላ ሆኖ ስላገኘነው አንባቢዎቻችን እንዲያውቁት ወደድን።

ጉዳዩ የተፈጸመው በአምቦ ከተማ፣ በታላቅ እኅቴ ቤት ነው። አምቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከመሬት ጋዝ ይዞ በሚወጣው የማዕድን ውሃዋ አገር የሚያውቃት ከተማ ናት። እኅቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስትሆን፣ ባለቤቷ የጭነት መኪና ሹፌር በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው በነቀምቴ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ የቤቱም የልጆቹም ነገር የወደቀው በእርሷ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ልጇ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች አንዷ ነበረች። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት መካከል ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ እንደ ነበሩ የሚታወስ ነው። ውጤቱ በ2016 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ በተገለጠ ጊዜ ልጅቱ ለሦስት ቀን ከክፍሏ አልወጣችም። እናትየዋም አዘነች፤ ሐዘኗ ግን ቶሎ ወደ ቁጣ ተለወጠ። ምክንያት ያስፈልጋት ነበርና ምክንያቱን ስልኩ ላይ አገኘችው። «ይህ ዕቃ ነው ልጄን የበላብኝ» ትል ነበር። ከመቶ ተማሪ ዘጠና ሰባት ያህሉ ያላለፈውን ፈተና በአንድ ስልክ ማሳበብ እንደማይገባ ብነግራትም የምትሰማ አልሆነችም።

እሁድ ከቀትር በኋላ በእኅቴ ቤት ቡና ይፈላል። የሚጠጡት አራት ጎረቤቶች ናቸው። አንዷ ከጀልዱ ድንች እያስመጣች በአምቦ ገበያ የምትሸጥ፣ ራሷም በጀልዱ ደጋ ድንች ስትኮተኩት ያደገች ሴት ናት። ሁለተኛዋ በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ሦስተኛዋ ባላቸው በሕይወት ሳሉ ራዲዮ ይጠግኑ የነበሩ ባልቴት ናቸው። አራተኛዋ በጡረታ ላይ ያሉ መምህርት ናቸው። ጨዋታው ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ እየተሻገረ ይሄዳል። ልጅቱ ቡናውን እየቆላች አንድ ዓይኗን ስልኩ ላይ ታደርጋለች፤ እናቷም ይህንን እያየች በውስጧ ትቃጠላለች።

አንድ እሁድ፣ ወሩ ኅዳር ነበር፣ ልጅቱ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ስልኳን እያየች ሳቀች። እናትየዋ በእንግዶቹ ፊት አፈረችና «ምንድን ነው የሚያስቅሽ?» ብላ ተቆጣቻት። ልጅቱም ደንግጣ፣ «ማርስ ላይ ብቻውን የቀረ አንድ ሰውዬ ድንች ሊተክል ነው» አለች።

ድንች ሻጯ ሲኒዋን አስቀመጠች። «በምን ዘር?» ብላ ጠየቀች።

ነገሩ የጀመረው በዚህች ጥያቄ ነው።

ልጅቱ የምታነበው አንዲ ዊር የተባለ አሜሪካዊ የጻፈውን የሳይንስ ልብ ወለድ ነበር። ይህ ሰው በሞያው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠራተኛ ሲሆን፣ ታሪኩን ማቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 በራሱ የኢንተርኔት ገጽ ላይ፣ አንድ ምዕራፍ በአንድ ጊዜ እያደረገ ያለ ክፍያ ነው። ምዕራፉን አንብበው የሚቀጥለውን የሚጠባበቁት አንባቢዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። የኬሚስትሪ ዕውቀት ያለው ስለ ኬሚስትሪው፣ ሌላውም ስለሚያውቀው ነገር «ይህ ስሌት አልመጣም፣ ይህ እንዲህ ሊሆን አይችልም» እያሉ ይጽፉለት ነበር። እርሱም ትክክል ሆኖ ያገኘውን እየተቀበለ ያርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 አንባቢዎቹ በማንበቢያ መሣሪያ እንዲያገኙት ስለለመኑት በ99 ሳንቲም፣ ማለትም ከአንድ ዶላር ባነሰ ዋጋ ለገበያ አቀረበው። በ2014 በትልቅ አሳታሚ ታተመ። በ2015 ደግሞ ሪድሊ ስኮት ፊልም አደረገው።

በእርግጥ ታሪክን እየቆራረጡ ማቅረብ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ ከማርስ ስለሚመጡ ወራሪዎች የጻፈው ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1897 በየወሩ በሚወጣ መጽሔት ላይ እየተቆራረጠ ወጥቷል። በአገራችንም ቢሆን ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርክ ሥራ ፈትቶ ያላዳመጠ ቤት ጥቂት ነው። ባልቴቷ ይህንን ሲያስታውሱ፣ በዚያ ሰሞን ለጥገና የመጣ ራዲዮ ሁሉ «ለትረካው ድረሱልን» እየተባለ ይመጣ እንደ ነበር፣ ባላቸውም ሠርተው የጨረሱትን ራዲዮ ባለቤቱ እስኪወስደው ድረስ እየከፈቱ ያዳምጡ እንደ ነበር ነገሩን። በኋላም ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ «የቀን ቅኝት» በአማርኛ 257 ክፍል፣ «ዲምቢባ» ደግሞ በኦሮምኛ በራዲዮ ሲቀርቡ፣ አድማጮች ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ጽፈዋል። ደብዳቤ መጻፍ ቀላል አልነበረም፤ ወረቀት፣ ፖስታ፣ ቴምብርና ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው ይፈልጋል። እንግዲህ ሰው ስለሚከታተለው ታሪክ የሚሰማውን ለመናገር ያለው ፍላጎት ይህን ያህል ነው።

ወደ ቡናው እንመለስ። ልጅቱ ታሪኩን ከመነሻው እንድትነግራቸው ታዘዘች። ስድስት ጠፈርተኞች ማርስ ላይ አርፈው ሳለ ከባድ ማዕበል ይነሣል። አምስቱ ሲያመልጡ ስድስተኛው፣ ማርክ ዋትኒ የተባለው፣ በተወረወረ ብረት ተመትቶ ይወድቃል፤ የልብ ምቱን የሚያስተላልፈው መሣሪያ ስለተበላሸ እንደ ሞተ ይቆጠራል። ሲነቃ መንኮራኩሯ ሄዳለች። በመጠለያው ውስጥ የቀረው ምግብ ለስድስት ሰው ለሃምሳ ቀን የሚሆን ነው። ሌላ ሰው ወደ ማርስ የሚመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

«ስድስት ሰው ለሃምሳ ቀን ከሆነ፣ አንድ ሰው ለሦስት መቶ ቀን ይበላዋል» አለች እኅቴ ሳታስበው። የወር ደመወዝን ለሠላሳ ቀን ማዳረስ የለመደች ሴት ናትና እንዲህ ያለውን ሒሳብ ለመሥራት ወረቀት አያስፈልጋትም። «እየቆጠበ ቢበላ አራት መቶ» አለች ልጅቱ፤ መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው።

ስለ ዘሩ ድንች ሻጯ ያነሣችው ጥያቄ መልስ ነበረው። ጠፈርተኞቹ ለምስጋና በዓል እንዲቀቅሉት ዐሥራ ሁለት ጥሬ ድንች ተልኮላቸው ነበር። ሰውየው በሞያው የዕፅዋት ሊቅና መሐንዲስ ስለሆነ ይህንኑ ቆራርጦ ሊተክል ነው። ድንች ሻጯ ግን አልተዋጠላትም። ዘር የሚሆን ድንች የእንቁላል ያህል ሆኖ ሙሉውን ቢተከል ይሻላል፤ መቁረጥ ግዴታ ከሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ ሁለት ዓይን ይኑረው፤ የተቆረጠው ሳይደርቅ ከተተከለ ይበሰብሳል፤ አፈሩም ፍግ ከሌለው ልፋት ነው አለች። ልጅቱ ስልኩን እያገላበጠች ሰውየው ሁለት ሁለት ዓይን እየተወ እንደ ቆረጠ፣ ቁራጩንም ለጥቂት ሰዓታት እንዳስቀመጠ፣ ፍግም ከየት እንዳገኘ ስትነግራት (የፍጉን ምንጭ በዚህ ዐምድ ባንጽፈው ይሻላል፤ ሴቶቹ ግን ሲኒ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ) «እንግዲያው ገበሬ ነው» ብላ ፈረደችለት። አንድ ነገር ብቻ አልማረችውም። አዲስ የተቆፈረ ድንች ሁለት ሦስት ወር ሳይተኛ አይጎነቁልም፤ ከመጀመሪያው ምርት ወዲያው ዘር አደርጋለሁ ማለቱ ውሸት ነው አለች። ልጅቱ ለዚህ መልስ አጣችለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሁድ እሁድ ልጅቱ የሳምንቱን ያህል አንብባ ትነግራቸዋለች፤ ነገሩ በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ደርሳ ታቆማለች። ያን ጊዜ ሁሉም የየግሉን ይገምታል። መጀመሪያ ላይ ግምቱ ጫጫታ ብቻ ነበር። ሥርዓት ያስያዙት መምህርቷ ናቸው። «እንዲህ ይሆናል የምትል ሁሉ ‹ምክንያቱም› ብላ ትጨምር፤ ምክንያት ከሌላት ምኞት ነው፤ ምኞትን አንመዘግብም» አሉ። ልጅቱም ደብተር ከፍታ የእያንዳንዷን ግምትና ምክንያት መጻፍ ጀመረች። ደብተሩን አይቼዋለሁ። በአንዱ ገጽ ላይ «ውሃ ከመሬት ይፈልቅለታል» የሚል ግምት ተጽፎ፣ ምክንያቱ ላይ «ምክንያቱም እዚህ አምቦም ፈልቋል» የሚል አለ። ይህ የእኅቴ ግምት ነው፤ መምህርቷ አልተቀበሉትም።

ውሃውን ሰውየው የሚያገኘው ሃይድራዚን ከሚባል የሮኬት ነዳጅ ነው። ነዳጁን በመሣሪያ እየሰበረ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ሃይድሮጅኑን ከኦክስጅን ጋር ሲያቃጥለው ውሃ ይሆናል። ልጅቱ እዚህ ላይ ስትደርስ አቆመች። በዚህ ጊዜ እስከዚያ ድረስ ብዙም ያልተናገረችው ነርስ፣ «ቤቱ ይፈነዳል» አለች። ምክንያቷም አጭር ነበር፤ በጤና ጣቢያው የኦክስጅን ሲሊንደር ባለበት ክፍል ክብሪት እንኳ አይጫርም። በሚቀጥለው እሁድ መጠለያው በእርግጥ ፈነዳ። ሰውየው ሲያሰላ የረሳው ነገር ጭንብል አድርጎ ሲተነፍስ ከአፍንጫው የሚወጣው ትርፍ ኦክስጅን ነበር። ነርሷ ያን ዕለት የተኩራራችውን ኩራት በሥራ ቦታዋ አግኝታ የምታውቅ አይመስለኝም።

እንዲህ እያለ ሲሄድ ጥር ገባ። ልጅቱ በድጋሚ ለመፈተን ማጠናከሪያ ትምህርት ትማር ነበርና፣ በዚያ የተሰጠ የሒሳብ የሙከራ ፈተና ላይ ዝቅተኛ ውጤት አመጣች። እኅቴ አንድም ቃል አልተናገረችም። ስልኩን ከልጅቱ እጅ ወሰደች፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ቁልፉን በመቀነቷ ቋጠረች። በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ብሆን ልክ አይደለሽም ለማለት አልደፈርኩም። ሁለተኛ ከወደቀች ምን እንደሚጠብቃት ሁለታችንም እናውቃለን፤ ጎረቤት ያሉ የእርሷ እኩዮች አንዷ ለጋብቻ ተሰጥታ፣ ሌላዋ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታ ነበር።

ሁለት እሁድ ያለ ታሪክ አለፈ። ቡናው ተፈላ፤ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ማገዶ ተወራ። ልጅቱ እየቀዳች ቀና አትልም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ እኅቴ ድንች ልትገዛ ገበያ ወጣች። ሻጯ ሚዛኑን እንደያዘች፣ «ድንቹስ እንዴት ሆነ?» አለቻት። እኅቴ የሚገዛውን የምትጠይቃት መስሏት «ሁለት ኪሎ ስጪኝ» አለች። «የዚህን አይደለም፤ የሰውየውን» አለች ሻጯ። ስልኩ እንደ ተቆለፈበት በሰማች ጊዜም፣ «አዴ፣ ታዲያ እኮ ሰውየውን ነው የቆለፍሽበት!» አለቻት።

በዚያ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። እኅቴ እንቅልፍ እምቢ ብሏት ተነሣችና ሻማ ይዛ ልጅቷ ክፍል ገባች። ልጅቱም አልተኛችም። «ልጄ፣ ያ ሰውዬ ድንቹ ደረሰለት ወይ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ፣ «እኔም አላነበብኩትም እማ፤ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያም መልሱን ሳያዩ ራሳቸው ሊደርሱበት ተስማሙ። ልጅቱ ደብተሯን አወጣች። ምግቡ የሚያዘልቀው አራት መቶ ቀን፣ የሚቀረው አራት ዓመት፤ የማርስ ቀን ከእኛ ቀን በ39 ደቂቃ ያህል ይረዝማል፤ አንድ ሰው ሳይሞት ለመሰንበት በቀን ስንት ድንች ይበላል፤ ለዚያ ስንት ካሬ ሜትር መሬት ያስፈልጋል፤ መሬቱ ስንት ሊትር ውሃ ይጠጣል። እኅቴ ስለ አስቤዛው ታውቃለች፤ ልጅቱ ማባዛትና ማካፈሉን ታውቃለች። ሻማው እስኪያልቅ ድረስ ቁጭ አሉ።

እኅቴ በኋላ እንደ ነገረችኝ ከሆነ፣ ልጅዋ የኬሚስትሪ ቀመር ስትጽፍ አጠገቧ ተቀምጣ ስታይ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ለዐሥራ ሁለት ዓመት ደብተር ገዝታለች፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ከፍላለች፤ «አጥኚ» ብላለች፤ ምን እንደምታጠና ግን አይታ አታውቅም። «ዕውቀት የላትም ብዬ ነበር፤ የላትም የምለው ግን እኔ አላየሁትም ነበር» አለችኝ። ይህን አባባሏን ስለወደድኩት እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።

በማግሥቱ ስልኩ ተመለሰ፤ በውል ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩ በሳሎን ጠረጴዛ ላይ ያድራል። ታሪኩ የሚነበበው የቀኑ ጥናት ከተፈጸመ በኋላ ነው። ሌላም ጨመረችበት፤ በእንግሊዝኛ የማታውቀውን ቃል ሁሉ በደብተሩ ጀርባ እየመዘገበች ትርጉሙን ለእናቷ ትነግራለች። ልጆቻቸው ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር በስልክ ስለሚጻጻፉ የሚሠጉ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሥጋቱም ተገቢ ነው። የእኅቴ ቤት ግን አንድ ነገር አሳይቶኛል። ልጅቱ የምታነበውን ጎረቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ከሆነ የሚደበቅ ነገር ያንሳል።

ድንቹ እንዴት እንደ ሆነ ለማወቅ የቸኮሉ አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል። ድንች ሻጯ በታኅሣሥ ወር ባስመዘገበችው ግምት፣ «በአንድ ቤት ውስጥ ሁሉንም ከተከለ አንድ ቀን ያጣዋል፤ ምክንያቱም ጀልዱ ውስጥ በአንድ ሌሊት ውርጭ ማሳው ሁሉ ሲጠቁር አይቻለሁ፤ ዘር ለብቻ ይቀመጣል» ብላ ነበር። መጠለያው በ119ኛው ቀን ላይ በአንድ በኩል ተቀደደ፤ አየሩ ወጣ፤ የማርስ ብርድ ገባ፤ የበቀለው ሁሉ በአንዴ ሞተ። የተረፈው ድንች የሚበላ እንጂ የሚተከል አልነበረም። ልጅቱ ይህንን ያነበበችው ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነው። ድንች ሻጯ ግምቷ ስለያዘላት አልተደሰተችም። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና፣ «አይ ልፋት» አለች።

ስለ ማዕበሉ መምህርቷ ያነሡት ተቃውሞም መጠቀስ አለበት። የማርስ አየር ከምድር አየር መቶኛውን እጅ እንኳ ስለማይሞላ እንደዚያ ብረት የሚወረውር ነፋስ ሊኖር አይችልም ብለው ነበር። ደራሲው ራሱ ይህንን ማመኑን ልጅቱ አግኝታ አነበበችላቸው። አፈሩም ቢሆን ፐርክሎሬት የሚባል ጎጂ ጨው እንዳለበት ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2008 አረጋግጣ ነበር። ሊማ፣ ፔሩ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ፊልሙ በወጣ ማግሥት፣ በ2016፣ ማርስን በሚመስል የበረሃ አፈር ላይ ድንች ለማብቀል ሙከራ መጀመሩም ተነበበ። በሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከል ተመርጠው የወጡት «ጃለኔ»፣ «ጉደኔ»ና «በለጠ» የተባሉት የድንች ዝርያዎች የመጡት ከዚሁ ከሊማው ማዕከል ዘር መሆኑን ልጅቱ ስትነግራት፣ ድንች ሻጯ በማግሥቱ ገበያ ላይ «የማርስ ዘመድ!» እያለች በለጠን ትሸጥ እንደ ነበር ሰምቻለሁ።

ከሁሉም በላይ ያከራከራቸው ግን ሳይንሱ አልነበረም። ሰውየው በሕይወት መኖሩን በምድር ያሉት አለቆች ሲያውቁ፣ በመንገድ ላይ ላሉት አምስት ጓደኞቹ ሳይነግሯቸው ይቆያሉ፤ ሐሳባቸው እንዳይበተን በሚል ነው። እዚህ ላይ ቡናው ለሁለት ተከፈለ። ባልቴቷ፣ «መርዶ እንኳ በሰዓቱ ነው የሚነገረው፤ መንገደኛ ሰው እቤቱ እስኪገባ ይጠበቃል» አሉ። ነርሷ ደግሞ፣ «ይህ መርዶ አይደለም፤ ሞተ ብለው እያለቀሱ ላሉ ሰዎች አለ ማለትን መደበቅ ግፍ ነው» አለች። ባልቴቷ ባላቸው አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ያረፉ ጊዜ ለእርሳቸው የተነገራቸው በሦስተኛው ቀን መሆኑን ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። ለሁለት ቀን ምግብ እየሠሩ፣ ሊወስዱላቸው እያዘጋጁ ነበር። «ያን ጊዜ ለእኔ ብለው ነው ብዬ ተቀብያለሁ። አሁን ይህንን ስሰማ ግን እንጃ» አሉ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም ምንም አልገመተም።

የጠፈርተኞቹ አለቃ ሴት ናት፤ ሜሊሳ ሉዊስ ትባላለች። ሞቷል ብላ ትታው የሄደችው እርሷ ናት፤ በኋላም ከምድር የመጣውን ትእዛዝ ጥሳ፣ አራቱንም ጠይቃ፣ ሁሉም ሲስማሙ መንኮራኩሯን መልሳ ልትወስደው የምትሄደውም እርሷ ናት። መጀመሪያ ላይ እኅቴ ለእርሷ ምሕረት አልነበራትም። «እናት ብትሆን ሬሳውን ሳታይ አትሄድም ነበር» ትል ነበር። ነርሷ፣ «አምስት ሰው እጅዋ ላይ ሆኖ አንድ ብትፈልግ ስድስቱም ያልቁ ነበር፤ እኔም ተረኛ ብሆን እንደዚያው ነው የማደርገው» እያለች ትከራከራት ነበር። መጽሐፉ እስከ ተፈጸመ ድረስ አልታረቁም። ከተፈጸመም በኋላ አልታረቁም።

ልጅቱ በ2016 ዓ.ም. በድጋሚ ተፈተነች። በዚያ ዓመት ያለፉት ከመቶ 5.4 ናቸው፤ እርሷ ከእነርሱ አልነበረችም። ሪሚዲያል ወደሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት የሚያስገባ ውጤት ግን አገኘችና ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። የማርሱ ታሪክ ነው ያስገባት ብዬ አልጽፍም፤ ሌሊት ሌሊት የሠራችው የሒሳብ ጥያቄ ነው ያስገባት። ሆኖም አሁንም ከእናቷ ጋር ስልክ ሲደዋወሉ መጀመሪያ የሚነሣው ደህንነት ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ሉዊስ ትነሣለች።

የእሁዱ ቡና አልቀረም። ተራኪዋ ስለሄደች ተራውን መምህርቷ ወስደዋል። በ2001 ዓ.ም. የታተመውን፣ ሳይንስና ምሥጢር የተቀላቀለበትን የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ከመደርደሪያቸው አውጥተው በየእሁዱ ጥቂት ጥቂት ገጽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ባለፈው አምቦ በሄድኩ ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው መጽሐፉን ሲያጥፉ ደረስኩ። ድንች ሻጯ፣ «እንዴ፣ እዚህ ላይ ይቆማል እንዴ!» እያለች ትጮኻለች። እኅቴ ደግሞ የልጅዋን ደብተር ከፍታ፣ ባዶ ገጽ ፈልጋ፣ ብዕሩን ይዛ እየጠበቀች ነበር።